ኦይታና በቅቤ የወዛው ክንድ

የልጅ ልጆቼ ግድግዳው ላይ ያለውን የኦይታን ፎቶ እያዩ «እማማ፣ አያታችን እንዲህ ኮስታራ ነበር እንዴ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ያ የመታወቂያ ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺው «ወንድሜ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ» እያለ ለምኖት ለምኖት፣ ኦይታ ትንፋሹን ውጦ የተነሳው ነው። ከዚያች አፍታ በቀር ረግቶ የተቀመጠበትን ጊዜ አላስታውስም። ጸሎት ቤት ሲቀመጥ አግዳሚው ይንቀጠቀጣል። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ጉልበቱ ይዘላል። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ አንድ ጊዜ ሰው ሲቀበር ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲቁነጠነጥ ባርኔጣው ገብቶ ከሟቹ ጋር ተቀበረ። ባልቴቲቱ እንኳ በለቅሶዋ መሀል ሳቅ አምልጧታል።

እንግዲህ እኔ አስቴር ዳልጮ የትዳር ጓደኛው ነኝ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ የጻፍኩት ሁሉ ከዓይኔና ከጆሮዬ የቀረው ነው። ኮስታራ እንዳልነበረ ግን እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?

ኦይታ የተወለደው ምዕራብ ዓባያ ነው። አባቱ በቆሎ ያርስ ነበር፤ ሐይቁ ደግ በሆነለት ቀን ደግሞ ዓሣ ያጠምዳል። ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ከተማረ በኋላ መምህራኑ መቁነጥነጡ ቢያሰለቻቸው «አንተ ልጅ፣ ላንተ የሚሆን ሥራ እግር ያለበት ሥራ ነው» ብለው ወደ አርባ ምንጭ ሰደዱት። የከተማው ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላይ ጤና ጣቢያ በጽዳት ተቀጠረ። እዚያ ነው ሰው ሁሉ የተገረመበት። እግሩ ሲጨፍር እጁ ጸጥ ይላል። የብርጭቆ ዕቃ በትሪ ተሸክሞ በግቢው ሲያልፍ ያየው ሁሉ፣ ከወገቡ በታች አንድ ሰው፣ ከወገቡ በላይ ሌላ ሰው ነው ይል ነበር። አንድ ጠርሙስ ሰብሮ አያውቅም።

ሰባ አምስት ዓመተ ምህረት ግድም ይመስለኛል፣ ዶክተር ሉሊት ከአዲስ አበባ መጣች። ወጣት ናት፣ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ገና ከመድረሷ «አንቺ በሉኝ» ብላ ሰውን ሁሉ አስጨነቀች። ሴቻ ላይ፣ ሁለቱ ሐይቆች ከሥር በሚታዩበት አፋፍ፣ በረንዳ ያላት አንዲት ቤት ተሰጣት። ማይክሮስኮፗንና በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣዋን እዚያ አስገባች። ብርጭቆ የሚያጥብላት ሰው ስትፈልግ ኦይታን ሰጧት። ቀስ በቀስ ደም ማንሳቱን፣ ቀለም መንከሩን፣ በማይክሮስኮፕ ማየቱን አስተማረችው። እሱም እየዘለለ ተማረ።

ዶክተሯ የመጣችው ስለ ቁንጭር ነው። ቁንጭር እኛ ኦቾሎ ተራራ ላይ ያለነው ሰዎች የማናፍርበት ቁስል ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ፊታችን ላይ ይወጣል፣ ዓመት ይቀመጣል፣ ሲፈቅድ ይድናል፣ ጠባሳውን ይተዋል። በየገደሉ ስንጥቅ ሽኮኮዎች ይኖራሉ፤ ከእነሱ ወደ እኛ በሽታውን የምታመላልስ እንደ ትንኝ ያለች ነገር አለች። እኔም ጉንጬ ላይ ጠባሳዬ ይኸው አለ። የዶክተሯ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። አንዱ ሰው በዓመቱ ሲድን ሌላው አፍንጫው እስኪበላ ለምን ይቆይበታል? ቁስሉን ሊዋጉ የሚመጡት ነጭ የደም ሴሎች ጥሪው ሳይሰማቸው ቀርቶ ይሆን?

ይህን ልትጠይቅ ኦቾሎ ስትወጣ ኦይታ ሳጥኗን ተሸክሞ አብሯት መጣ። ተሰልፈን ጣታችንን ስንወጋ የእኔ ተራ ደረሰ። ጠባሳዬን አየና «ያንቺዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ጥሪ ሰምተው መጥተዋል» አለኝ። ስለ ማን እንደሚያወራ አላወቅኩም። ግን ሲያወራ እግሩ መሬቱን እየደበደበ አቧራ ያስነሳ ስለነበር ሳቅኩ። አንዴ ከሳቅኩ ማቆም አልሆነልኝም፤ የሰልፉ ሰው ሁሉ ተከተለኝ። ጣቴ መወጋቱን ያወቅኩት ቤቴ ስደርስ ነው።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ድርና ማግ ልሸጥ ስወርድ መንገዴ ወዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሲቀላ ገበያው ከታች ነው፤ እኔ ግን ዳገቱን ወጥቼ ሴቻ እገኝ ነበር። ከዶክተሯ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ከሊል፣ አላህ ይማረውና፣ «አስቴር፣ ገበያው ተሰደደ እንዴ?» እያለ ያሾፍብኛል።

ኦይታ ሥራውን ያስረዳኝ በዶክተሯ ቤት መስኮት ሥር ነው። ጀርም ገላ ውስጥ ገብቶ ሲበላና ሲራባ ከራሱ ላይ የሚጥለው ፍርፋሪ አለ። ለእኛ አይሸትም፤ ደም ውስጥ ላሉት ነጭ ሴሎች ግን ሽታ ነው። «ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲጠበስ ድመቱ ሁሉ ከየት እንደሚመጣ አይተሽ የለ?» አለኝ። እነሱም እንደዚያ ናቸው፤ ከደም ሥር ሾልከው፣ ሽታው ወደሚበረታበት እየዳሁ ይመጣሉ። ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ያንን ፍርፋሪ ያለ ጀርሙ ቀምመው በዱቄት ሠርተውታል። ዶክተሯ ጋ በትንሽዬ ጠርሙስ ነበር፤ ረጅም ስም አለው፤ ኦይታ ግን «ጥሪ» ይለዋል። ከእሱ ጎን ሌላ ጠርሙስ ነበር፣ ከተክል የሚወጣ፣ የሴሎቹን እግር የሚያስር። ያንን «ገመድ» ብሎታል። በጥሪው ያስነሷቸዋል፣ በገመዱ ያቆሟቸዋል፣ ከዚያ ምን እንደሚያስኬዳቸው ይመረምራሉ።

አንድ ቀን በቀትር አስገብታ አሳየችኝ። አርባ ምንጭ ቀትር ላይ ብርጭቆውን ማሞቅ እንደማያስፈልግ፣ ሴሎቹ ገላ ውስጥ ያሉ እንደሚመስላቸው ዶክተሯ ነግራኝ ነበር። አንዷን አየኋት። እንደ ሊጥ ናት። ጣት የመሰለ ነገር ወደ ፊት ትዘረጋለች፣ ሆዷን ወደዚያ ታፈሳለች፣ ኋላዋን ትጎትታለች። የጥሪውን ጠብታ በግራ በኩል ቢያደርጉላት ወደ ግራ ዞረች። ደሙ የኦይታ ነበር። እሱ ከጀርባዬ ሲቁነጠነጥ ወለሉ ይሰማኛል፤ ከፊቴ ደግሞ የደሙ ቁራጭ ስትቁነጠነጥ አያታለሁ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የሄደው።

ኦይታ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከሊል ነበር፤ አንደበቱ ጣፋጭ ነውና። አባቴ ዳልጮ ሸማኔ ነው፣ ኦቾሎ ዱቡሻ ላይ ማለት ሸንጎ በሚቀመጥበት ሜዳ ንግግሩ የሚደመጥ ሰው ነው፣ ዓይኑ ያላየውን ደግሞ አያምንም። የልጁ ሥራ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ከሊል በሚችለው ሁሉ አስረዳ፤ ክንድ ይፋቃል፣ ጠብታ ይደረጋል፣ የማይታዩት ይመጣሉ። ባስረዳ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። በመጨረሻ አባቴ እንዲህ አለ፦

«እኔ ሸማ እሠራለሁ፤ የሠራሁትን ሰው ለብሶት ይታያል። ይህ ልጅ የማይታይ ነገር በማይሸት ሽታ ይጠራል አላችሁኝ። ልጄንም የማይታይ እራት ሊያበላት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሳቁ። የሳቀ ሽማግሌ ደግሞ መልሶ መለመን አይሆንለትም፤ ተመለሱ። አባቴ በልቡ የጨንቻ ሸማ ነጋዴ ይዞልኝ ነበር፤ አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ባለ ሱፍ ኮት ሰውዬ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሲቀመጥ እንደ ድንጋይ ነው፤ ዓይኑ እንኳ አይንቀሳቀስም።

ኦይታ ይህን ሲሰማ ወጉን ሁሉ ትቶ ራሱ ተራራውን ወጣ። ዱቡሻው ዳር ቆሞ፣ ከአንድ እግር ወደ ሌላ እግር እየዘለለ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ነገር እስኪከፍቱ ጠበቀ። ከዚያ «አባባ፣ በራስዎ ክንድ ላይ ላሳይዎት» አለ። አባቴ ተነሥቶ በሰው ሁሉ ፊት ቃል ሰጠ፦ የተጠሩት ከመጡ ልጄ ያንተ ናት፣ ካልመጡ ለጨንቻው ሰው ናት። ዱቡሻ ላይ የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም። አባቴም ቢፈልግ፣ እኔም ባለቅስ።

ቀኑ ሲደርስ እናቴ ወርቂቱ ገና በማለዳው ቅቤዋን አወጣች። በእኛ አገር ሰው ለትልቅ ጉዳይ ደረቅ ራሱን ይዞ አይሄድም። ሹመት የተሰጠው ሰው ይቀባል፣ ሙሽሮች ተቀብተው ገበያ ይዞራሉ። «የሴት ልጁ ነገር ሊወሰን ሳይቀባ የሚወርድ አባት የት አለ?» ብላ አናቱ ላይ እንደ ቆብ ከመረችለት። አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ሁለቱን ክንዶቹን እስከ ጣቱ ጫፍ ወለወለችው። ኦቾሎ ብርድ ስለሆነ ቅቤው ነጭ ሆኖ ቆሟል። አባቴ የሹመት ቀኑ መሰለ፤ አምሮበት ነበር።

ከተራራው ስንወርድ ቅቤው መለስለስ ጀመረ። ታች የጭነት መኪና ላይ ስንወጣ ጆሮው ላይ ደረሰ። ሴቻ ስንደርስ አባቴ ከራሱ እስከ ክንዱ ይፈስ ነበር፤ የጨበጠው ሰው ሁሉ እጁን እያየ ይሄዳል። መኪናው ላይ ደግፎት የመጣ አንድ መንገደኛ «አባባ፣ ይህን ያህል ሲቀባ ከማን ጋር ነው ሰርጉ?» አለው። አባቴ ኮራ ብሎ «ከማይታዩት ጋር» ብሎ መለሰለት።

ዶክተር ሉሊት ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ክንድ ላይ ሁለት ቦታ፣ ደም ሳይወጣ፣ ቆዳው በስለት ለስለስ ብሎ ይፋቃል። በአንደኛው ላይ ጥሪው ይንጠባጠባል፣ በሌላው ላይ ዝም ብሎ የጨው ውኃ። ስስ ብርጭቆ ይለጠፍባቸውና ይጠበቃል። የመጡት ሴሎች ብርጭቆው ላይ ይጣበቃሉ። አባቴን ምስክር ሁለት መሆኑ ደስ አሰኘው። ቀኝ እጄ የምበላበት ነው አለና ግራውን ሰጠ። ጣጣው ፕላስተሩ አይጣበቅም። ኦይታ ሲለጥፈው ይንሸራተታል፤ መልሶ ሲለጥፈው ክርኑ ላይ ይገኛል።

ዶክተሯ ሳሙናና ውኃ አመጣች። አባቴ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰበሰበና «ይህ ቅቤ የልጄ ምርቃት ነው። እሱን ካጠባችሁ ጉዳዩንም አጠባችሁት» አለ። እኔ በር ላይ ቆሜ ልሙት አልኩ። ኦይታን አየሁት፤ ሁለቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ይዘላሉ።

ተደራድረው ተስማሙ። ሁለቱ ቦታ ብቻ፣ እያንዳንዱ ሳንቲም አክሎ፣ በአልኮል ይጠረጋል፤ የቀረው ቅቤ ይኖራል። ብርጭቆዎቹን አባቴ ራሱ በድር ክር ሸብ አደረጋቸው፤ ሸማኔ ነውና ቋጠሮው ጥሩ ነበር። ግን ከትከሻው የሚወርደው ቅቤ ወደ ብርጭቆው መጣ። ምን ይሻላል ሲባል ኦይታ ክንዱን ወደ ላይ አነሳው፤ ቅቤው ወደ ኋላ ፈሰሰ። መፍትሔው ተገኘ። አባቴ ነጭ ሴሎቹ እስኪመጡ ግራ እጁን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ መቀመጥ አለበት። ቤቱ ውስጥ ደግሞ አየር ስለሌለ ከሊል ወንበር አምጥቶለት በረንዳው ላይ፣ በመንገዱ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። በዚያ ዘመን ስብሰባ ሁሉ ግራ እጅን ጨብጦ፣ ወደ ላይ አንሥቶ መፈክር በማሰማት ይጀመራል፣ በዚያው ያልቃል። አባቴ ግን የገበሬ ማኅበሩ ሲሰበሰብ አንድም ቀን እጁን አንሥቶ አያውቅም። «ግራ እጄን ሸማው ይዞታል፣ ከደረት በላይ አይሄድልኝም» ይል ነበር። እኛ ጋ እየወጣ የሚሰበስበን ካድሬ ጓድ ደግፌ ይባላል። ሰውነቱ ቀጭን፣ ድምፁ ወፍራም ነው። ያችን ግራ እጅ ለማስነሳት ስንት ተናግሯል፣ መክሯል፣ አንዴም ወጌሻ አምጥቶ ነበር። ስብሰባውም ቢሆን ዘበኛ ቤት ለቤት ካልነዳው በቀር ሰው አይመጣለትም።

እንግዲህ አባቴ እጁን ሰቅሎ እንደተቀመጠ ጓድ ደግፌ የሴቻን ቀበሌ ሰልፈኛ እየመራ በዚያ መንገድ መጣ። ከሩቅ አየው። ቆመ። ሰልፉ ከኋላው ተገጫጭቶ ቆመ። ዳልጮ ነው፣ ራሱ ዳልጮ፣ በቅቤ ተቀብቶ፣ ግራ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ ብቻውን። የጓድ ደግፌ ዓይን እንባ አቀረረ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ጓዶች፣» አለ፣ «ማንም ሳይቀሰቅሰው የነቃ ሸማኔ ተመልከቱ።» ንግግር አደረገ። ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ተናገረ፣ ተራራ ላይ ስለደረሰ ብርሃን ተናገረ። አባቴ እጁን ማውረድ አይችል፣ ነገሩን ማስረዳት አይችል፣ እንደ ሐውልት ፊቱን አኮሳትሮ ተቀመጠ። ያ ደግሞ ይበልጥ አሳመረው። ከሊል ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ በሳቅ ሲንፈቀፈቅ ቢታይ ያሰጋዋልና እሱም እጁን አነሳ። ዶክተር ሉሊት በመስኮት እጇን አነሳች። ሰልፈኛው ሁሉ አነሳ፣ መፈክሩ አስተጋባ።

መፈክር ሲያልቅ ደግሞ እጅ ይወርዳል። ሰው ሁሉ አወረደ። አባቴ ጨዋ ሰው ነውና፣ ሌላው ሲያወርድ እጁን ሰቅሎ መቅረት ነውር መሰለውና፣ አወረደ።

ቅቤው እንደ ጎርፍ ወረደ። ቋጠሮው ሾለከ። አንደኛው ብርጭቆ እዚያው ሲቀር ጥሪ ያለበት በክንዱ ላይ ተንሸራትቶ፣ በመዳፉ አልፎ፣ ከጣቱ ጫፍ ተለየ። ኦይታ ከበሩ ላይ ዘለለ። በሕይወቱ ሙሉ ሲዘል የኖረው ለዚያች ዝላይ ይመስለኛል። በረንዳውን አልፎ፣ ደረጃውን አልፎ፣ አየር ላይ ሳለ እግሩ ይንፈራገጣል፣ እጁ ግን ጸጥ ብሎ ብርጭቆዋን ከሥር ተቀበላት፤ በጫፏ፣ ፊቷን ሳይነካ። ከዚያ በጀርባው ጓድ ደግፌ እግር ሥር ወደቀ፣ እጁን ወደ ላይ እንደያዘ።

ሰልፈኛው አጨበጨበ። ጓድ ደግፌ የቅስቀሳው ኃይል መስሎት ኦይታን አንሥቶ አቀፈው።

ነገሩ በኋላ ሲገለጥለት ትንሽ ከፋው። ከዚያ ግን አሰበበትና ኦይታን ወደ ጥግ ጠራው፤ የሚጠራው መድኃኒት ዘበኛ ሳይልክ ሰው የሚያመጣ ከሆነ ለእሁዱ ስብሰባ ጥቂት ጠብታ አዳራሹ ውስጥ ቢረጭ ይጠቅም እንደሆን በሹክሹክታ ጠየቀው። ኦይታ ለሴል እንጂ ለሰው እንደማይሠራ ነገረው። «ደግሞም ተሳስተን ገመዱን ከረጨነው፣ ጓድ፣ የመጣው ሰው ወጥቶ መሄድ ሊያቅተው ነው» አለው። ጓድ ደግፌ ይህንንም ቆም ብሎ አሰበበት።

እኛ ግን ልባችን በዚያች ብርጭቆ ላይ ነበር። ዶክተሯ አየቻትና ግማሿ በቅቤ እንደተለወሰች ነገረችን። ሌላ ቀን እንደገና ቢሠራ ይሻላል አለች። አባቴ ዳግመኛ ለዚህ ከተራራው እንደማይወርድ፣ ቃሉ ለዛሬ እንደሆነ ተናገረ። እንግዲህ ያለችው እሷ ናት። ኦይታ ቀለሙን ሲነክር እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እግሩ ደግሞ፣ ብታምኑኝ፣ ጸጥ ብሎ ነበር።

ዶክተሯ ማይክሮስኮፑን አስተካክላ፣ አየችና ተነሣች። «ፈራጁ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይዩ» አለች። አባቴ ቀረበ። አንድ ዓይኑን ብቻ መጨፈን አይችልም፤ አንዱን ሲጨፍን ሁለቱም ይዘጋሉ። እኔ ከኋላው ቆሜ ግራ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንኩለት። መዳፌ በቅቤ ራሰ።

መጀመሪያ ጨረቃዎች ይታዩኛል አለ። ቅቤው ነው፣ ክብ ክብ ሆኖ። ቀጥሎ በጨረቃዎቹ መሀል ወይን ጠጅ ነጠብጣብ የመሰሉ፣ ጥቅጥቅ ብለው፣ የዱቡሻ ቀን ሰው እንደሚሰበሰብ ተሰብስበው እንደሚያይ ነገረን። ሌላኛውን ብርጭቆ፣ የጨው ውኃውን፣ አደረጉለት። እዚያ አንድ ሁለት መንገደኛ ብቻ ነበሩ፣ ወዲያና ወዲህ የቆሙ። እንደገና የመጀመሪያውን አስደረገ። ብዙ ቆየ።

«እነዚህ የኔ ናቸው?» አለ።

«የእርስዎ ናቸው፣ አባባ» አለ ኦይታ።

«ማን ላካቸው?»

«ማንም አልላካቸውም። ጥሪው ሲደርሳቸው ራሳቸው ወጡ።»

አባቴ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ የእኔን እጅ ከፊቱ ላይ ያዘ። «ይቺም ልጅ» አለ፣ «በገበያ ቀን ዳገቱን ወደ ሴቻ ስትወጣ የላካት ሰው አልነበረም።»

ከሊል በር ላይ ሆኖ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዶክተሯ። ከዚያ እኔ፣ ያቺ የማታቆመው ሳቄ መጣች። አባቴ ራሱ ትከሻው ይነቃነቅ ጀመር። ኦይታ ብቻ አልሳቀም፤ ሳይገባው ቀርቶ ማንን ማየት እንዳለበት ጠፍቶት ቆሞ ነበር። ሲገባው ወለሉ ላይ መዝለል ጀመረና ዶክተሯ ማይክሮስኮፑን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። አባቴ አንድ ትእዛዝ ብቻ ጨመረ፤ ልጁ ለሰርጉ ይቀባል፣ ዶክተሯም አብራ ትቀባለች።

ተቀቡ። ዶክተር ሉሊት ቅቤው ጠጉሯ ውስጥ ስንት ሳምንት ቆየ፤ የምታየው ብርጭቆ ሁሉ ጨረቃ ይወጣበት ነበር። ገበያውን ስንዞር ኦይታ ፊት ፊቴ እየዘለለ፣ ቅቤው እየተረጨ፣ ባለ መደቦቹ በርበሬያቸውን እየሸፈኑ አለፍን። ጓድ ደግፌም ሰርጋችን ላይ መጥቶ ጨፍሯል። ዘመኑ ተቀይሮ እሱ ወዴት እንደሄደ አላወቅንም፤ ደህና ሆኖ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስበዋለሁ።

ዶክተሯ ጥያቄዋን ሙሉ በሙሉ ሳትመልስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ቁንጭሩ የቆየባቸው ሰዎችም ሴሎቻቸው ጥሪውን እንደሚሰሙ፣ ጣጣው ከደረሱ በኋላ ያለው እንደሚመስላት፣ ቀሪውን ሌላ ሰው ይፈልገው ብላ ሄደች። ኦይታ በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ እስኪያረጅ ሠራ። ወባ ያለበትን ሰው ደም ሲያይ ያዝናል፣ ነጭ ሴል ሲያይ ግን ደህና ዋላችሁ ይላቸዋል። አባቴ እስኪሞት ድረስ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለቱን ትንንሽ ጠባሳ ለዱቡሻው ያሳይ ነበር፤ «ይህች የተጠራች ናት፣ ይህች ያልተጠራች» እያለ። መናገር ሲፈልግም ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እጁን ቀጥ አድርጎ ያነሳል። ለጓድ ደግፌ ሲል እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። «ሰውዬውን አስለቅሼዋለሁ» ይል ነበር።

ልጆቼ ሆይ፣ በሰርግም በክርስትናም ፎቶ ስንነሳ ሁላችን ግራ እጃችንን ወደ ላይ የምናነሳው ለዚህ ነው። እናንተ ጨዋታ ይመስላችኋል፤ ፎቶ አንሺውም ግራ ይገባዋል። በነዚያ ፎቶዎች ሁሉ ኦይታ ያለበት ቦታ ላይ ደብዛዛ ጥላ ብቻ ነው ያለው፤ ተንቀሳቅሷል። እኔ ግን ኮስታራውን ከግድግዳው አውርጄ ከነዚያ ከደበዘዙት አንዱን ልሰቅል ነው።